የአንድ ተከራይ ታሪክ በአምስት የሲኒማ ሥራዎች

አንድ ታሪክ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እንደ ወንዝ ውሃ ነው፤ ያለፈበትን አገር አፈር ቀለም ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ አንዱን ታሪክ ልዩ ልዩ ሰዎች በልዩ ልዩ ዘመን ሲተርኩት ያስተዋለ ሰው፥ ከታሪኩ ጋራ የተራኪዎቹን ጠባይና የዘመናቸውን መንፈስ አብሮ ያውቃል። ለዚህ ነገር ጥሩ ምስክር የሚሆነው፥ ማሪ ቤሎክ ላውንድስ የተባለች የእንግሊዝ አገር ደራሲ በ1913 ዓ.ም. አሳትማ ያወጣችው «ተከራዩ» የተሰኘው ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) መጽሐፉ ሴቶችን እየተከታተለ ስለሚገድል ሰውና፥ ሳያውቁ በቤታቸው ስላስጠጉት ድኾች ባልና ሚስት ይናገራል። ከ1927 እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ይህ መጽሐፍ ቢያንስ አምስት ጊዜ በሲኒማ ተሠርቷል። የአምስቱም መነሻ አንድ ሲሆን መድረሻቸው ግን የተለያየ ነው፤ በአንዱ ተከራዩ ንጹሕ ሰው ነው፤ በሌላው ወንጀለኛው ወንድሙ ነው፤ በሁለቱ ገዳዩ ራሱ ነው፤ በመጨረሻው ደግሞ ተከራይ የሚባል ሰው መኖሩ እንኳ ያጠራጥራል። ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? በየጊዜውስ ከታሪኩ ምን ጐደለ? ሊመረመር የሚገባው ይህ ነው።

የታሪኩ ሥር በእውነተኛ መከራ ላይ የተተከለ ነው። በ1888 ዓ.ም. ከኦገስት 31 ቀን እስከ ኖቬምበር 9 ቀን ባለው ጊዜ፥ በሎንዶን ከተማ በምሥራቅ በኩል ኋይትቻፕል በሚባለው የድኾች ሰፈርና በአጠገቡ አምስት ሴቶች በስለት ተገደሉ። ስማቸውም ሜሪ አን ኒኮልስ፥ አኒ ቻፕማን፥ ኤሊዛቤት ስትራይድ፥ ካትሪን ኤዶውስና ሜሪ ጄን ኬሊ ይባላል። ከመጨረሻይቱ በቀር አራቱ በየሌሊቱ የአልጋ ዋጋ እየተከፈለ በሚታደርባቸው ቤቶች የሚኖሩ ነበሩ። የአንድ ሌሊት አልጋ ዋጋ አራት ፔንስ ነበረ። ኒኮልስና ቻፕማን በሞቱበት ሌሊት ይህን የመሰለውን ጥቂት ገንዘብ አጥተው ከማደሪያ ቤት ወጥተው ሲንከራተቱ ነበር። ሜሪ ጄን ኬሊ ደግሞ የተከራየቻት አንዲት ክፍል ነበረቻት፤ ነገር ግን ኪራይዋን ሳትከፍል ብዙ ጊዜ ስለ ቈየች ባለቤቱ ገንዘቡን እንዲቀበል ሰው ላከባት፤ ሬሳዋንም ያገኘው ያ የኪራይ ገንዘብ ሊጠይቅ የሄደው ሰው ነው። አንባቢ ይህን በልቡ ያኑረው፤ ኋላ ይፈለጋልና።

ገዳዩ ሳይያዝ ቀረ፤ ማን እንደ ሆነም እስከ ዛሬ ድረስ በእርግጥ አልታወቀም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ለአንድ የወሬ ማሠራጫ ድርጅት በተላከ ደብዳቤ ግርጌ «ጃክ ዘ ሪፐር»፥ ማለት «ዘንጣዩ ጃክ»፥ የሚል ፊርማ ስለ ተገኘ፥ ጋዜጦች ስሙን ተቀባብለው በዓለም ሁሉ አሰሙት። ደብዳቤውን የጻፈው ገዳዩ ሳይሆን ጋዜጠኛ ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። በዚያ ወራት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጐረቤቱን መጠርጠር ጀመረ፤ ይልቁንም ጥርጣሬው ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደው በመጡት ድኾች አይሁድ ላይ በረታ። አንድ አይሁዳዊ ጫማ ሠሪ በወሬ ብቻ ተይዞ ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ተለቀቀ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ፍርሃት ነበረ፤ አንደኛው ገዳይ በመካከላችን ተሸሽጎ ይሆናል የሚል ፍርሃት፥ ሁለተኛውም ሕዝብ በቍጣው ንጹሑን ያጠፋ ይሆናል የሚል ፍርሃት ነው።

ማሪ ቤሎክ ላውንድስ በ1868 ዓ.ም. ተወለደች። አባቷ ሉዊ ቤሎክ የፈረንሳይ አገር ጠበቃ፥ እናቷ ቤሲ ሬይነር ፓርክስ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ስለ ሴቶች መብት ከተከራከሩት ቀደምት ሰዎች አንዷ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ሂሌር ቤሎክም በዘመኑ የታወቀ ጸሐፊ ነው። ደራሲቱ መጽሐፉን ለመጻፍ ምክንያት የሆናትን ነገር ያገኘችው በአንድ የራት ግብዣ ላይ ነው። በገበታው ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው፥ ቀድሞ የእናቱ አሳላፊና ወጥ ቤት የነበሩ ባልና ሚስት ቤት ይዘው ክፍል ሲያከራዩ ያን የተፈራውን ነፍሰ ገዳይ እንዳሳደሩት ያምናሉ ብሎ ለጐረቤቱ ሲያጫውት ሰማች። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ይህን ሰምቶ ስለ ገዳዩ ያስብ ነበር። እርሷ ግን ስለ አሳላፊውና ስለ ወጥ ቤቷ አሰበች። ነገሩንም አስቀድማ በ1911 ዓ.ም. አጭር ታሪክ አድርጋ በአሜሪካ መጽሔት አወጣችው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አስፋፍታ ሙሉ መጽሐፍ አደረገችው።

መጽሐፉ ሲጀምር ሮበርት ባንቲንግና ሚስቱ ኤለን በሎንዶን ሜሪልቦን በሚባለው ጎዳና ባለው ቤታቸው፥ ጭጋግ በሸፈነው ማታ ተቀምጠው እናገኛቸዋለን። ሁለቱም በባለጠጎች ቤት አገልግለው ያረጁ፥ ንጽሕናና ሥርዓት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ክፍሎቻቸውን የሚከራይ ጠፍቶ ያላቸውን ሁሉ ጨርሰዋል፤ ከቤታቸው ዕቃ ጥቂት በጥቂት ወደ መያዣ ቤት ሄዷል፤ ባል ትምባሆውን ትቷል፤ ጋዜጣ መግዛትም እንደ ኀጢአት የሚያስጨንቀው ሆኗል። በዚህ ሰዓት በሩ ተንኳኳ። አንድ ቀጭን፥ ጨዋ የሚመስል ሰው ትንሽ ሻንጣ ይዞ ገባ፤ ስሙ ስሉዝ ይባላል። ፎቁን ተከራየ፤ ዋጋውንም አስቀድሞ በወርቅ ሳንቲም ከፈለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሞቀ፥ ማዕዱም ሞላ። ነገር ግን ተከራዩ በግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የሴቶች ሥዕሎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞራቸው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሴቶችን የሚወቅሰውን ቃል እየመረጠ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓትም ደረጃውን ወርዶ ይወጣል። በከተማው ውስጥም ራሱን «ተበቃዩ» ብሎ የሰየመ ሰው መጠጥ የሚጠጡትን ሴቶች ይገድል ነበር። ኤለን በአልጋዋ ላይ ተጋድማ የእግሩን ኮቴና የበሩን መዝጊያ ድምፅ ታዳምጣለች፤ በማግሥቱም ጋዜጣ ሻጮች አዲስ ግድያ መፈጸሙን በጎዳናው ላይ ሲጮኹ ትሰማለች። ሁለቱን ነገሮች ልቧ ያገጣጥማቸዋል፤ አፏ ግን አይናገርም።

የመጽሐፉ ኃይል ያለው በዚህ ዝምታ ላይ ነው። «የቸገረው ርጉዝ ያገባል» ይባላል፤ ኤለን ግን ዝም ያሰኛት ችግር ብቻ አይደለም። ተከራዩ በትሕትና ያነጋግራታል፥ ያከብራታል፤ እርሷም የታመመ ሰው መሆኑን አይታ ታዝንለታለች። ደግሞም ነገሩ ቢገለጥ ገዳይ ያሳደረች ሴት ተብላ ስሟ ይጠፋል፥ ዳግመኛም ተከራይ አያገኙም። ስለዚህ የሬሳ ምርመራ ወደሚደረግበት ችሎት ሄዳ ምስክሮቹ ስለ ገዳዩ መልክ የሚናገሩትን ትሰማለች፤ መልኩ ከተከራይዋ ጋራ ባለመግጠሙ ጥቂት ዕረፍት ታገኛለች፤ ወዲያው ደግሞ ጭንቀቷ ይመለሳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ ባልም በበኩሉ ጠርጥሮ ሳለ ለሚስቱ አለመናገሩ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው አንዱን ምሥጢር አንዱ ከሌላው ይሸሽጋሉ። የፖሊስ መርማሪ የሆነው ወጣቱ ጆ ቻንድለር፥ የባንቲንግን ልጅ ዴዚን ስለሚወድ ዘወትር ወደ ቤታቸው ይመጣል፤ የሚፈልገው ሰው በፎቁ ላይ እያለ እርሱ ከታች ሻይ ይጠጣል።

በመጨረሻም ተከራዩ ኤለንንና ዴዚን ይዞ የሰም ምስሎች ወደሚታዩበት ወደ ማዳም ቱሶ ቤት ሄደ፤ በዚያም የፖሊስ አለቃውን ባየ ጊዜ ኤለን አሳልፋ የሰጠችው መሰለው፤ ረግሟትም በጓሮ በር ወጥቶ ተሰወረ። ዳግመኛም አልተመለሰም። ደራሲቱ በመጨረሻው ገጽ፥ አንድ ሳጥን ሙሉ የወርቅ ሳንቲም ስሙን ካልገለጠ ሰው ተጥለው ለተገኙ ሕፃናት ማሳደጊያ ቤት እንደ ተላከ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ትናገራለች። ላኪዋ ማን እንደ ሆነች አትነግረንም፤ ዳሩ ግን ያወቀ ያውቃል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው ምሳሌ በዚህ ቤት ቃል በቃል እውነት ሆኖ ነበርና፥ ኤለን የዝምታዋን ዋጋ በእጇ ልትይዘው አልቻለችም።

እንግዲህ ሲኒማው ይህን መጽሐፍ ምን አደረገው? መጀመሪያ የሠራው በ1899 ዓ.ም. በሎንዶን የተወለደው አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። ሥራው በ1926 ዓ.ም. ተፈጽሞ ሳለ፥ ፊልሞችን ለሲኒማ ቤቶች የሚያከፋፍለው ሰው አይረባም ብሎ አስቀምጦት ነበር፤ በኋላ አይቨር ሞንታጉ የተባለ ሰው ተጠርቶ በመካከሉ የሚገባውን ጽሕፈት አሳንሶ ካስተካከለው በኋላ በ1927 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ለሕዝብ ታየ። ተመልካችም እጅግ ወደደው፤ የሂችኮክም ስም የታወቀው ከዚያ ወዲያ ነው።

በዚያን ጊዜ ሲኒማ ገና ድምፅ አልነበረውም። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ፍርሃቱ ሁሉ በጆሮ የሚገባ ነው፤ ኤለን የምታየው ጥቂት፥ የምትሰማው ብዙ ነው። ሂችኮክ ይህን ችግር በጥበብ ፈታው። ወለሉን ከወፍራም መስተዋት አሠርቶ ተዋናዩን በላዩ አስኬደውና ከታች ሆኖ አነሣው፤ ቤተ ሰቡ ወደ ጣራው ቀና ብለው ሲመለከቱ፥ የሚወዛወዘው ፋኖስና ከላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው የተከራዩ እግር በአንድነት ይታያል። በዚህ ዓይነት የማይሰማውን ኮቴ ለዓይን አሳየ።

ነገር ግን የታሪኩን ፍሬ ለወጠው። ተከራዩን ሆኖ የተጫወተው አይቨር ኖቬሎ በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሴቶች እጅግ የሚወዱት ዘፋኝና ተዋናይ ስለ ነበረ፥ ኩባንያው እርሱ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ እንዲታይ አልፈቀደም። ሂችኮክ ከብዙ ዘመን በኋላ ፍራንሷ ትሩፎ ለተባለው የፈረንሳይ የሲኒማ ሰው እንደ ነገረው፥ የእርሱ ፈቃድ ተከራዩ በሌሊት ወጥቶ እንዲሄድና እውነቱ ሳይታወቅ እንዲቀር ነበር። አልሆነም። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ተከራዩ እኅቱ በተበቃዩ እጅ የሞተችበት፥ ገዳዩንም ለማግኘት ለእናቱ ቃል የገባ ሰው ሆነ። በሌሊት የሚወጣውም ሊገድል ሳይሆን ገዳዩን ሊያድን ነው።

ከዚህ ለውጥ ግን አንድ ትልቅ ነገር ተወለደ። መርማሪው ጆ ዴዚን ስለሚወድ በተከራዩ ይቀናል፤ ቅንዓቱንም የሕግ ልብስ አልብሶ ይይዘዋል። ተከራዩ በእጁ ሰንሰለት እንደ ታሰረ ያመልጣል፤ ሕዝቡም ተበቃዩ ነው ብሎ ያሳድደዋል። የብረት አጥር ሲሻገር የእጁ ሰንሰለት በአጥሩ ጫፍ ተይዞበት ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ወንዱም ሴቱም ከላይና ከታች ይደበድበዋል። እውነተኛው ገዳይ ሌላ ቦታ መያዙ በዚያው ሰዓት ይሰማል፤ ጆም አሁን ለማዳን ይሮጣል። ይህን የተንጠለጠለ ሰው ያዩ ብዙዎች ከስቅለት ሥዕል ጋራ አመሳስለውታል። እውነተኛው ገዳይ በፊልሙ ውስጥ ፊቱ እንኳ አይታይም፤ የሚታየው የሕዝቡ ፊት ነው።

እነሆ ከሁለቱ ፍርሃቶች መጽሐፉ የመጀመሪያውን፥ የሂችኮክ ፊልም ሁለተኛውን ያዘ። በመጽሐፉ የኤለን ኀጢአት ዝምታዋ ሲሆን፥ በፊልሙ ግን ጥርጣሬዋ ኀጢአት ሆነ። ሁለቱም ትምህርት እውነት ነው፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን ቦታ ሲወስድ የኤለን ሸክም ከትከሻዋ ወርዷል። በንጹሕ ሰው ላይ የሳተች አንዲት የምትፈራ እናት ብቻ ሆናለች፤ በፊልሙም መጨረሻ ተከራዩ ባለጠጋ መሆኑ ታውቆ ልጅቱ ታገባዋለች። ረኃብ የነበረበት ቤት በሠርግ ተዘጋ።

ሁለተኛው ፊልም በ1932 ዓ.ም. በሞሪስ ኤልቪ አዘጋጅነት ወጣ። ያው አይቨር ኖቬሎ እንደ ገና ተከራይ ሆነ፤ ይህ ግን ድምፅ ያለው ነው። ተከራዩ አንጀሎፍ የተባለ ከባዕድ አገር የመጣ ሙዚቀኛ ነው፤ ዴዚም የስልክ ቤት ሠራተኛ ሆናለች። ገዳዩ አእምሮው የታወከ የተከራዩ ወንድም ነው። ስለዚህ የተወደደው ተዋናይ ስም ዳግመኛ ከእድፍ ዳነ፤ ጥፋቱም ከቤቱ ወጥቶ፥ ከአገሩም ወጥቶ፥ ወደ ባዕድ ሰው ተላለፈ። በ1888 ዓ.ም. በኋይትቻፕል የነበረው በመጻተኛ የማመካኘት ልማድ በዚህ ፊልም ሳይታወቅ የተመለሰ ይመስላል። ስለ ኤለን ግን የሚነገር ብዙ ነገር አልቀረም።

ሦስተኛው በአሜሪካ በ1944 ዓ.ም. በትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ ኩባንያ የተሠራው ነው። አዘጋጁ ጆን ብራም በ1893 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሐምቡርግ የተወለደ፥ ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ አገሩን ትቶ የተሰደደ ሰው ነበረ። እርሱ ታሪኩን ወደ 1888 ዓ.ም. መልሶ፥ ተበቃዩ የሚለውን ስም ትቶ ጃክ ዘ ሪፐር ብሎ በስሙ ጠራው። ተከራዩም ያለ ጥርጥር ገዳይ ሆነ። አሁን ተመልካቹ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ መቼ ይታወቅበት ይሆን እያለ ይጨነቃል እንጂ።

ተከራዩን ሆኖ የተጫወተው ሌርድ ክሬጋር ግዙፍ ሰውነትና ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነበረ። በፊልሙ ውስጥ ስሌድ የሚለውን ስም ከጎዳና ላይ አንብቦ ለራሱ ይወስዳል፤ ሬሳ የሚመረምር ሐኪም ነው፤ ወንድሙን ያጠፋችው የቲያትር ሴት ናት ብሎ ስለሚያምን የቲያትርን ሴቶች ይጠላል። ክሬጋር ይህን ሰው ሲጫወት ጭራቅ አላደረገውም፤ ብቸኛና የሚያሳዝን አድርጎ አቀረበው። በመጽሐፉ ኤለን ለተከራይዋ የተሰማትን ርኅራኄ፥ በዚህ ፊልም የሚሰማው ራሱ ተመልካቹ ነው። በመጨረሻ በቲያትር ቤት ውስጥ ተሳድዶ ጥግ ሲይዝ አንድ ቃል አይናገርም፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ መስኮቱን ሰብሮ ወደ ቴምዝ ወንዝ ይወድቃል። ተዋናዩ ራሱም ብዙ አልቈየም። ግዙፍ ሰውነቱ ለእንዲህ ያለ ክፉ ሰው ክፍል ብቻ እንዳሳጨው ስላሰበ፥ ለመቅጠን ምግቡን አጥብቆ ቀነሰ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በ31 ዓመቱ ሞተ።

ይህ ፊልም ከሁሉ ይልቅ ለገዳዩ ልብ ቀርቧል፤ ሆኖም ሁለት ነገር ጐድሎበታል። አንደኛ፥ ቤቱ የድኾች ቤት መሆኑ ቀረ። በፊልሙ ያሉት ባልና ሚስት ሀብታቸው ቢቀንስም ሰፊ ቤትና አገልጋይ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ የኪራዩ ገንዘብ የሞትና የሕይወት ነገር አይደለም። ረኃብ ከሌለ ደግሞ የዝምታው ፈተና ይጠፋል። ሁለተኛ፥ በዚያን ዘመን በሆሊዉድ የነበረው የሥነ ምግባር ደንብ ስለማያመች፥ የሚገደሉት ሴቶች የኋይትቻፕል መንገደኞች መሆናቸው ቀርቶ የቲያትር ሴቶች ሆኑ። በድኅነት የሞቱት ሴቶች በጌጥና በዘፈን ተሸፈኑ።

አራተኛው በ1953 ዓ.ም. የወጣው «በሰገነት ያለው ሰው» የተባለው ነው። አዘጋጁ በአርጀንቲና የተወለደው ሁጎ ፍሬጎኔሴ፥ ተከራዩ ጃክ ፓላንስ ነው። የፊልሙ ጽሑፍ አብዛኛው ከ1944ቱ የተወሰደ ነው። ዋናው ልዩነት የጥላቻው ምክንያት ነው፤ ቀድሞ ስለ ወንድሙ የነበረው አሁን ስለ እናቱ ሆነ፤ እናቱ የቲያትር ሴት ነበረችና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሰውን ክፋት ሁሉ በልጅነት ቍስል መተርጐም በአሜሪካ ሲኒማ የተለመደ ነበር፤ ይህም ፊልም የዘመኑን ትርጓሜ ተቀበለ። እንዲህ ያለው ትርጓሜ ገዳዩን በመጠኑ ይገልጠዋል፤ ነገር ግን ዓይናችንን ከቤቱ ሰዎች ይበልጥ ያርቀዋል።

አምስተኛው በ2009 ዓ.ም. በዴቪድ ኦንዳቼ የተሠራው ነው። ታሪኩን ከሎንዶን ጭጋግ አውጥቶ ወደ ሎስ አንጀለስ፥ ወደ ዘመናችንም አመጣው። በአንድ በኩል መርማሪው የቀድሞውን የኋይትቻፕል ግድያ እየመሰለ የሚገድለውን ሰው ይፈልጋል፤ በሌላው በኩል ኤለን የተባለችው ሴት በጓሮዋ ያለውን ቤት ለአንድ እንግዳ ታከራያለች። ያንን እንግዳ ከእርሷ በቀር ማን አየው? ፊልሙ ተመልካቹን በዚህ ጥርጣሬ ውስጥ ይተወዋል። እነሆ ከሰማንያ ዓመት በኋላ የቤቲቱ እመቤት ወደ ታሪኩ መካከል ተመለሰች፤ የተመለሰችው ግን አእምሮዋ የሚያጠራጥር ሴት ሆና ነው። የመጽሐፏ ኤለን ከቶ እንዲህ አልነበረችም። የእርሷ ሥቃይ የመጣው አእምሮዋ ጤናማ ስለ ነበረ ነው፤ የሰማችውን በትክክል ሰማች፥ ያወቀችውንም በትክክል ዐወቀች።

አምስቱ እርስ በርሳቸው ሲነጻጸሩ፥ በጥበብ የ1927ቱና የ1944ቱ ከሌሎቹ ይልቃሉ። የመጀመሪያው ሕዝብ በጥርጣሬ ምን ያህል ጨካኝ እንደሚሆን፥ ሁለተኛውም በገዳይ ውስጥ እንኳ ሰው መኖሩን አሳይተዋል። ደራሲቱ በ1947 ዓ.ም. ስትሞት እነዚህ ሁለቱና የ1932ቱ ወጥተው ነበር። ይሁን እንጂ ከአምስቱ አንዱ እንኳ መጽሐፉ የጠየቀውን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አልጠየቀም። ሁሉም ተከራዩ ማን ነው ብለው ተነሡ፤ ደራሲቱ ግን የጠየቀችው፥ ተከራዩ ማን መሆኑን እያወቀች ቁርሱን የምታቀርብለት ሴት ምንድን ናት? ብላ ነው።

የዚህ ምክንያት በከፊል የሲኒማው ጠባይ ነው። ሲኒማ መሮጥና መሳደድ፥ ጨለማና ብርሃን ይወዳል። አንዲት ሴት በሌሊት ተጋድማ ከራሷ ጋራ የምታደርገው ክርክር ግን በቃላት እንጂ በሥዕል በቀላሉ አይገለጥም። ሌላው ምክንያት የገበያው ነው፤ ተዋናዩ ከተወደደ ንጹሕ ይሆናል፥ የማይወደድ መልክ ካለው ገዳይ ይሆናል። ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይበልጣል፤ ይኸውም ተመልካች ገዳዩን ሲያይ ከራሱ ርቆ ያያል፥ ኤለንን ሲያይ ግን ራሱን ያያል። ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይሆንም፤ እንጀራው እንዳይቀርበት ያወቀውን ነገር ዝም ያላለ ሰው ግን ጥቂት ነው።

መጽሐፉም ቢሆን ጕድለት የለበትም አይባልም። በውስጡ የሚሞቱት ሴቶች በስም አይታወቁም፤ ጋዜጣ ሻጭ የሚጮኽላቸው ወሬ ናቸው። በሲኒማውም እንዲሁ ሆነ። ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የገዳዩ ስም ሲነገር፥ የሟቾቹን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ደራሲቱ ሳታስበው አንድ እውነት ነክታለች። የእርሷ ድኾች ባልና ሚስት ከረኃብ የዳኑት በኪራይ ገንዘብ ነው፤ በእውነተኛው ታሪክ የሞቱት ሴቶች ደግሞ የአልጋ ኪራይ አጥተው በመንገድ የቀሩ ናቸው። በአንዱ ቤት ወርቅ ተከፍሎ በሩ ለገዳይ ተከፈተ፤ በሌላው ቤት አራት ፔንስ ጐድሎ በሩ በሜሪ አን ኒኮልስ ላይ ተዘጋ። እስከ ዛሬ ከተሠሩት ከአምስቱ ፊልሞች ይህን ሁለተኛውን በር ያሳየ የለም። ኤለን ባንቲንግ የላከችው ሳጥን ግን፥ ሙታኑን ባያስነሣም፥ ማደሪያ ላጡ ልጆች መድረሱን መጽሐፉ ይመሰክራል።